ካሴት ቀጂዎች ያተረፉት ድርሰት

ርዕሱ ረጅም ነው። «የኢንዲያና ጆንስ ጀብዱ በፕራግ፣ በቫትስላቭ አደባባይ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1989» ይላል። ደራሲው ስሙን አልጻፈበትም፤ በስሙ ፋንታ ያስቀመጠው የሹፈት የብዕር ስም ነው። በዚያን ጊዜዋ ቼኮዝሎቫኪያ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ስምን ማስፈር ወኅኒ ቤት ሊያስገባ ይችል ነበርና አይፈረድበትም። ሥራው ማተሚያ ቤት አልገባም፤ ሳንሱርም አላየውም። የተሠራጨው ዘፈን በምንሰማበት ተራ ካሴት ላይ እየተቀዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።)

«የኮምፒዩተር ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ጨዋታ የተሠራው ከቃላት ነው። ኮምፒዩተሩ አንባቢው የት እንደቆመና በዙሪያው ምን እንዳለ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይነግረዋል፤ አንባቢው ደግሞ በተራው ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ያዝዛል። ወደዚህ ሂድ፣ ያንን አንሣ፣ ይህን ተመልከት ይላል። ታሪኩ በትእዛዙ መሠረት ይቀጥላል፤ ወይም ይቋረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል።

የነገሩ መነሻ እውነተኛ ታሪክ ነው። ያን ፓላክ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1968 የአገሩን በዋርሶ ቃል ኪዳን ጦር መወረር በመቃወም ጃንዋሪ 16 ቀን 1969 በዚያው አደባባይ ራሱን አቃጠለ። በሃያኛው ዓመት ሕዝቡ ሊያስበው ወደ አደባባዩ ሲወጣ ፖሊስ በቆመጥ፣ በውሃ መድፍና በአስለቃሽ ጋዝ ተቀበለው፤ ነገሩም ሳምንት ሙሉ ቀጠለ። ቫትስላቭ ሃቬል የታሰረው በዚያን ዕለት ነው። ስሙ ያልታወቀው ደራሲያችን እንግዲህ ባርኔጣና አለንጋ የማይለየውን የአሜሪካ ፊልም ጀግና አንሥቶ እዚያ ግርግር መሐል ጣለው። ጀግናው ከፖሊሶቹ እጅ አምልጦ አገሩ መግባት አለበት፤ አበቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሥራውን በእንግሊዝኛ ትርጉም አነበብሁት፤ ወይም ተጫወትሁት፤ የትኛውን ግሥ መጠቀም እንዳለብኝ አሁንም ያጠራጥረኛል። እንደ ስድ ንባብ ከመዘንነው ብዙ አያስመካም። ችኩል ነው፤ ጭካኔው ልጓም የለውም፤ ቀልዱም የጎረምሳ ቀልድ ነው። ፖሊሶቹ የሚሞቱበት መንገድ ሁሉ ደራሲው በአካል ሊወጣው ያልቻለውን ቂም በቃል እንደተወጣ ያሳብቃል። በቅርጹ ከመዘንነው ግን ሌላ ነው። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ የሚደበደበው «እሱ» በሆነ ነበር፤ እዚህ የሚደበደበው «አንተ» ነህ። ወደ ግራ ብትል ትሞታለህ፤ ወደ ቀኝ ብትል ትሞታለህ፤ ቆመህ ብትጠብቅም ያው ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ከአምስት ስድስት ሞት በኋላ አንድ ነገር ይገባሃል፦ በዚያ ቀን፣ በዚያ አደባባይ ላይ ትክክለኛ እርምጃ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ደራሲው በየትም ቦታ አይናገረውም። በራሪ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ይናገረው ነበር፤ ጨዋታ ስለሆነ ግን እንድትኖረው ያደርግሃል።

የፕራጉ የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ያሮስላቭ ሽቬልክ በ2018 ስለ ኮሚዩኒስት ቼኮዝሎቫኪያ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ዓይነት ሥራ ተገቢውን ክብር ሰጥተውታል። የእኔ ጥያቄ ግን ከእሳቸው ትንሽ ይለያል። ይህን ነገር እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ እንዴት ላነበው ቻልሁ? ያነበብሁትስ ነገር በእርግጥ ያ ነገር ነው?

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ጨዋታው የተጻፈለት ኮምፒዩተር ዜድኤክስ ስፔክትረም ይባላል። ካምብሪጅ የነበረው የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ በኤፕሪል 1982 ለገበያ ያወጣው ነው። ትንሹ 125 ፓውንድ፣ ትልቁ 175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። የትልቁ የማስታወስ ችሎታ 48 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በሞባይል የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። የፊደል ቁልፎቹ ጎማ ናቸው፤ ሲነኩ በድን ሥጋ የመንካት ያህል ይሰማል እያሉ የተሳለቁበትም ነበሩ። የራሱ ስክሪን የለውም፤ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ፕሮግራሙ ያለው ካሴት ላይ ነው። ቴፑን በገመድ አገናኝተው ሲያጫውቱት ያ ጆሮ የሚሰረስር ጩኸት ይጀምራል፤ የስክሪኑ ጠርዝ በቀይና በውሃ ሰማያዊ፣ ቀጥሎም በሰማያዊና በቢጫ መስመሮች ይሸነሸናል፤ ሙሉ ፕሮግራም እስኪገባ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። አንዲት ስሕተት ካጋጠመች ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ሁሉም እንደ አዲስ ነው።

ይህ መናኛ መሣሪያ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ወደ ምሥራቅ አውሮፓም በሻንጣ ውስጥ እየገባ ተዛመተ፤ ስሎቫኪያ ውስጥ ስካሊትሳ በተባለች ከተማ ከ1987 ጀምሮ ዲዳክቲክ ጋማ የተባለ ግልባጩ ይመረት ነበር። ጨዋታ የሚሸጥ ሱቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይቀዳል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ዘፈን ማስቀዳት ለእኛ ታላላቆች የዕለት ተዕለት ነገር ነበር።

እንግዲህ ዛሬ እነዚያ መሣሪያዎች እያረጁ ነው። ከጎማ ቁልፎቹ ሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ካፓሲተሮቹ ይደርቃሉ፤ የካሴቱ ማግኔት ይዳከማል። ሥራዎቹን እስከ እኛ ያደረሳቸው ኢሙሌተር የሚባለው የፕሮግራም ዓይነት ነው። አንዱን ኮምፒዩተር ሌላውን እንዲመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ማለት ነው። በአማርኛ «አስመሳይ» ብለን እንዳንጠራው ቃሉ ስድብ ሆኖብናል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ይህ አስመሳይ በዓለም ላይ ካሉት አስመሳዮች ሁሉ ሐቀኛው ነው። የስፔክትረም አእምሮ የሆነው ዜድ80 የተባለው ቺፕ በሰከንድ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ይመታል። ኢሙሌተሩ ለዚያ ቺፕ የተጻፈችውን እያንዳንዷን ትእዛዝ ያነባል፤ ቺፑ ያደርግ የነበረውን ራሱ ያደርጋል፤ ስንት ምት እንደፈጀችም ይቆጥራል። መቁጠሩ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። በስፔክትረም ውስጥ ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው ሌላ ቺፕ ተራ ሲይዝ ዜድ80ው ቆም ብሎ ይጠብቀዋል፤ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ይህችን ቅጽበታዊ መዘግየት ሳይቀር አስልተው ነው ሥዕላቸውን የሠሩት። ምቱን ያልቆጠረ ኢሙሌተር ላይ ሥዕላቸው ይበጣጠሳል። ከ1999 ጀምሮ እየተሠራ ያለው በነፃ የሚታደለው ፊውዝ የተባለው ኢሙሌተር በዚህ በኩል የሚመሰገን ነው።

ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ኢሙሌተርን የማየው እንደ መሐንዲስ ሳይሆን እንደ አንባቢ ነው፤ በአንባቢ ዓይን ደግሞ ኢሙሌተር አንድ እትም ነው። እትም ደግሞ ይተቻል፦ ምን ጨመረ? ምን ቀነሰ? ምን «አረመ»?

በምሳሌ ልጀምር። «ማኒክ ማይነር» የተባለው ጨዋታ በ1983 የወጣ ነው። የጻፈው ማቲው ስሚዝ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ዊሊ የተባለ ማዕድን ቆፋሪ ሃያ ዋሻዎችን ማለፍ አለበት። በየዋሻው ያለው አየር የተመጠነ ነው፤ አየሩ ሳያልቅ ቁልፎቹን ለቅሞ መውጫውን ካላገኘ ያልቅለታል። የተሰጠው ሦስት ነፍስ ነው። ሦስቱም ሲያልቁ ከሰማይ አንድ ትልቅ ጫማ ወርዶ ይጨፈልቀዋል። ያኔ ያለ ምንም ርኅራኄ ወደ አንደኛው ዋሻ ነው። የደረሱበትን አስቀምጦ ነገ ከዚያ መቀጠል የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ ያለ ኢሙሌተር ሁሉ ግን «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ አለው። አንድ ዝላይ፣ አስቀምጥ፤ አንድ ዝላይ፣ አስቀምጥ። በዚህ ዘዴ ሃያኛውን ዋሻ በአንድ ምሽት አየሁት። ምን አየሁ? ምንም። ይህ ሥራ የተሠራው ከመመለስ ፍርሃት ነው። አሥራ አምስተኛው ዋሻ ላይ ያለ ልጅ እጁ የሚንቀጠቀጠው ዋሻው ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው አሥራ አራት ዋሻ ስላለ ነው። ያንን ከላያችሁ ላይ ካነሣችሁት የቀረው ባለ ቀለም ነጠብጣብ ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት በደቂቃ ነበር የሚያስከፍለው፤ ባለቤቱ ሰዓቱን እያየ «በቃህ» ሲል የነበረው ድንጋጤ የጨዋታው አካል ነበር፤ ያለዚያ ድንጋጤ የተጫወትኋቸውን ዛሬ አንዳቸውንም አላስታውሳቸውም።

በ2024 መጨረሻ ላይ አንድ ኩባንያ «ዘ ስፔክትረም» ብሎ አሮጌውን የሚመስል አዲስ መሣሪያ ለገበያ አቅርቧል። ጎማ ቁልፎቹ አሉ። ቀስተ ደመናው አለ። ውስጡ ግን ኢሙሌተር ነው፤ 48 ጨዋታዎች ተጭነውበታል፤ ካሴት አይቀበልም፤ የተሳሳተ ተጫዋች እስከ 40 ሰከንድ ድረስ ጊዜውን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። ቅርፊቱን እስከ ጎማው ድረስ አክብሮ የሥራውን አጥንት መስበር ማለት ይህ ነው። ቁልፉን አትጫኑት ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ወለድ ከመጨረሻው ምዕራፍ ማጠቃለያ ጋር ተጣብቆ ቢሸጥ «አታንብቡት» ማለት ለአሳታሚው መከላከያ አይሆነውም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የበለጠ ያወዛግባል። ያው ልጅ በ1984 «ጄት ሴት ዊሊ» የተባለ ተከታይ ሥራ አወጣ። ዊሊ ሀብታም ሆኖ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ገዝቷል። ከክፍሎቹ አንዱ ጣሪያ ሥር ያለው ቆጥ ነው። ተጫዋቹ እዚያ ከገባ በፕሮግራሙ ስሕተት ምክንያት ሌሎች ክፍሎች ይበላሻሉ፤ በኋላ ወደ እነርሱ የገባ ወዲያው ይሞታል። ጨዋታውን መጨረስ አይቻልም ማለት ነው። አሳታሚው መጀመሪያ ላይ ያለው ምን መሰላችሁ? ስሕተት አይደለም፣ ክፍሎቹ በመርዝ ጋዝ ስለተሞሉ ነው አለ! ቆይቶ ግን ማረሚያውን አወጣ፤ ተጫዋቾችም ቁጥሮቹን እየጻፉ ጨዋታውን አስተካከሉት።

ታዲያ የትኛው ነው መቀመጥ ያለበት? የታረመው ወይስ የተበላሸው? የጥንት ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቁታል፤ የቁም ጸሐፊው ስሕተት ራሱ ታሪክ ነው። ጄት ሴት ዊሊን የታረመውን ብቻ የሚያውቅ ሰው የአንድ ዘመን ልጆች የማይጨረስን ነገር ለመጨረስ ስንት ሌሊት እንደፈጁ አያውቅም። ደግነቱ ትልልቆቹ የስፔክትረም ክምችቶች ሁለቱንም ይዘዋል። የካርዱ ነገር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጨዋታው ካሴቱን እንዳይቀዱበት ሲባል በቀለም የታተመ ካርድ አብሮት ይመጣ ነበር፤ 180 የቀለም ኮዶች አሉበት። ፕሮግራሙ ከገባ በኋላ «በዚህ ቦታ ያሉት ቀለሞች ምንድን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለ ቀለም ፎቶ ኮፒ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ጥሩ መቆለፊያ ነበር። እንግዲህ ካሴቱን ብቻ አስቀምጦ ወረቀቱን የጣለ ሰው ያስቀመጠው የተዘጋ በር ነው። ወይ መቆለፊያውን የሰበረውን የሌባውን ቅጂ መጠቀም አለበት።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጥቀስ። «ዴውስ ኤክስ ማኪና» የተባለው የ1984 የሜል ክራውቸር ሥራ ሁለት ካሴት ነበረው፤ አንደኛው ፕሮግራሙን፣ ሁለተኛው ድምፁን ይዟል። ተጫዋቹ ቴፑን ከስክሪኑ ጋር እኩል ያስነሣል፤ ከዚያ የሰው ልጅ ከመፀነስ እስከ መሞት የሚያልፍባቸው ሰባት ዕድሜዎች (ሐሳቡ ከሼክስፒር የተወሰደ ነው) በሥዕልና በድምፅ ያልፋሉ። ከድምፆቹ መካከል ተዋናዩ ጆን ፐርትዊ፣ ዘፋኙ ኢያን ዱሪ፣ የታሪክ ምሁሩ ኢ.ፒ. ቶምፕሰን ሳይቀሩ አሉበት። ለእኔ በዚያ ዘመን ከወጡት ሁሉ ወደ ቴአትር የቀረበው ይህ ነው። ኢሙሌተሩ ላይ ብቻውን ሲነሣ ግን ድዳ ነው። ድምፁን ከሌላ ቦታ አምጥተው ቢያጫውቱትም ኢሙሌተሩ በትንሹ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ድምፁና ሥዕሉ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ሕፃኑን የምታዩት ስለ ሽማግሌው እየተነገራችሁ ይሆናል። እዚህ ላይ ፋይሉ ተጠብቋል፤ ሥራው ግን የሚጠበቀው ሁለቱን በእጁ አስተካክሎ የሚያስነሣ ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ይህን ሁሉ ነቀፌታ የምደረድረው ሥራውን የሠሩትን ሰዎች ለማሳነስ አይደለም። እነማን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛዎቹ መንግሥት ያላዘዛቸው፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ናቸው። ማርታይን ቫን ደር ሃይደ የተባለ ሆላንዳዊ በ1995 የስፔክትረምን ፕሮግራሞች፣ መጽሔቶችና የካሴት ሽፋኖች በአንድ ቦታ ማከማቸት ጀመረ፤ ባለመብቶቹንም አንድ በአንድ እየጻፈ ፈቃድ ጠየቀ። ብዙዎች ፈቀዱ። አንዳንዶቹ ከለከሉ። የሲንክሌርን የኮምፒዩተር ንግድ በ1986 በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ የገዛው አምስትራድ በ1999 ደግ ነገር አደረገ፤ የባለቤትነት ምልክቱ እስካልተነካ ድረስ የመሣሪያው ዋና ፕሮግራም ከኢሙሌተሮች ጋር እንዲሰጥ እንደማይቃወም አስታወቀ። ያ ባይሆን ኖሮ ያለ ሕገ ወጥነት ኢሙሌተር ማስነሣት አስቸጋሪ በሆነ ነበር። የስሎቫክ ዲዛይን ሙዚየም ደግሞ በአገሩ ልጆች የተጻፉትን የ1980ዎቹ የጽሑፍ ጨዋታዎች ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ አውጥቷል። ከእነዚህ አንዱ «ሻቶኺን» ነው፤ የሶቪየቱ ሻለቃ ቬትናም ውስጥ ከራምቦ ጋር ይፋለማል። ልጆቹ የሁለቱንም ወገን ፕሮፓጋንዳ በአንድ ድስት ቀቅለውታል።

ከዚህ ጋር ያስተያየሁት የቢ.ቢ.ሲን ነገር ነው። እንግሊዞች በ1086 የአገራቸውን መሬትና ሀብት ቆጥረው ዱምዝዴይ ቡክ በተባለ የብራና መዝገብ ላይ ጽፈዋል። በ1986 የ900 ዓመቱን መታሰቢያ ለማክበር ቢ.ቢ.ሲ. በዘመኑ መሣሪያ አዲስ መዝገብ አዘጋጀ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ በብዛትም የትምህርት ቤት ልጆች፣ ስለየመንደራቸው ጻፉ፤ ፎቶግራፍ አነሡ። የሁሉም ሥራ በሁለት ትልልቅ የሌዘር ዲስኮች ላይ ሰፈረ። ዲስኮቹን የሚያነበው ፊሊፕስ የሠራው ልዩ ማጫወቻና የቢ.ቢ.ሲ. ማስተር ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ዋጋው ውድ ስለነበረ የገዛው ጥቂት ሰው ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው መዝገቡን ማንበቢያ ጠፋ፤ በ2002 የሊድስና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በኢሙሌተር አማካኝነት እንደገና ሊያስነሡት ግድ ሆነ። የ1086ቱ ብራና ግን ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ዛሬም ይነበባል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው «ብራና ከኮምፒዩተር ይሻላል» ለማለት ነው። እኔ ግን እንዲያ አልደመድምም። በዚያው ዓመታት ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ አንድ ስሙን የደበቀ ሰው በርካሽ ካሴት ላይ የጻፈው ነገር ምንም ተቋም ሳያስበው ተርፏል። ልዩነቱ ከብራናና ከማግኔት አይመጣም። አንደኛው እንዳይቀዳ ሆኖ ተሠራ፤ ሌላው ከመቀዳት በስተቀር መኖሪያ አልነበረውም። ጎረምሳው ለጓደኛው ሲቀዳለት ቅርስ እያስጠበቅሁ ነው ብሎ አላሰበም። ሌብነት ነው ብሎም አላሰበ ይሆናል።

ሕጉ ግን እስከ ዛሬም ከቀጂው ጋር አልታረቀም። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት በዚያች አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ ከገበያ ላይ አይገኙም። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ያከማቿቸውን አሮጌ ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያሳዩ የቀረበውን ጥያቄ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ አልተቀበለውም። ተመራማሪው አውሮፕላን ተሳፍሮ ይምጣ ነው ነገሩ። ባለመብቱ አይሸጠውም፤ ሌላው እንዳያሳየው ግን ይከለክላል። ይህን ፍትሕ ብሎ ለመጥራት እኔ አፌን አልከፍትም።

የእኛስ? ስፔክትረም በአገራችን ልጆች እጅ ገብቶ ትዝታ ያተረፈ ዕቃ አይደለም፤ እሱን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው። ነገር ግን አሮጌ ሶፍትዌር አለን፤ በእሱም የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ አለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ 345 ምልክቶች ይዞ። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ ሁሉ በየራሱ መላ የተጻፈ ነው። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ፣ ብራና፤ እያንዳንዱ የራሱ አደራደር ነበረው። የዘመኑ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው ፊደላችን አልበቃውም። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፈለው፤ ሌላው ከፊደሉ አካል ላይ የካዕቡንና የሣልሱን ምልክት እየቀጠለ ተጠቀመ። ለኮምፒዩተሩ ግን የተጻፈው ሁሉ ላቲን ነው። ፎንቱ ሲነሣ የሚታየው ቅጥ ያጣ የፈረንጅ ፊደል ክምር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ በ1990ዎቹ አጋማሽ አባቱ አጫጭር ልብ ወለዶች የጻፉባቸውን ዘጠኝ ፍሎፒ ዲስኮች ይዞልኝ መጣ። አባቱ አሁን በሕይወት የሉም። ልጁ ፋይሎቹን በአዲስ ኮምፒዩተር ከፍቶ ያንን የፈረንጅ ፊደል ክምር ሲያይ ተበላሽተዋል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። አልተበላሹም። እያንዳንዷ ባይት አባቱ ባስቀመጡበት ቦታ ነበረች፤ የጠፋው አንባቢዋ ነው። ዊንዶውስ 98ን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ጫንን፤ አሮጌውን ፎንት ከአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አገኘን። ባለቤቷ ከደንበኛ ለደንበኛ ሲቀዳ ከኖረ ሲዲ ላይ ነው የሰጠችን፤ ፈቃድ የሚባል ነገር አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም። ፋይሉን ስንከፍተው ገጹ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ነው ክርክራችን የተጀመረው። ወዳጄ ጽሑፉን ወዲያው ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ በስልኩ ማንበብና ለእኅቶቹ መላክ ፈለገ። ይህን ለምን ትፈልጋለህ አይባልም። ነገር ግን መቀየሪያው ፕሮግራም ያወጣልንን ከዋናው ጋር ስናስተያይ አንዳንድ ዲቃላ ፊደላት ሌላ ሆነው ወጥተዋል፤ «ሟ» የነበረው «ማ» የሆነበት ቦታ አለ። አባቱ በየቃሉ መሐል ያስቀምጧት የነበረችው ሁለት ነጥብም በባዶ ቦታ ተተክታለች። ሁለት ነጥብ እያስቀመጠ የሚጽፍ ሰው በ1990ዎቹም ብርቅ ነበር፤ ሰውየው ሆን ብለው ያደረጉት ነገር ነው። በአንዱ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ገፀ ባሕርይ ደብዳቤ ስትጽፍ ሁለት ነጥቡ ይቀራል፤ ልጅቷ የአዲሱ ዘመን ሰው መሆኗን የሚያሳዩበት መላ ይህ ይመስለኛል። የተቀየረው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ልዩነት የለም።

የተስማማነው ዋናዎቹ ፋይሎች ሳይነኩ ከነፎንታቸውና ከነዊንዶውሳቸው በሦስት ቦታ እንዲቀዱ ነው። የሚሰራጨውን ደግሞ ወዳጄ ከዋናው ጋር እያመሳከረ በእጁ ያርማል፤ ሁለት ነጥቡን ይመልሳል። አሁን አራተኛው ታሪክ ላይ ደርሷል። ከዘጠኙ ዲስኮች ሁለቱን ግን የትኛውም ፍሎፒ ማንበቢያ ሊያነባቸው አልቻለም፤ በአንደኛው ጀርባ ላይ በእስክሪፕቶ «ያላለቀ» የሚል ተጽፎበታል።